ቆርኪው በማን እጅ ነው?

እንደሚታወቀው እኛ ሠልጣኞች ለተግባር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመውጣታችን በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ካርቶን ስንቆርጥ፣ ማርከር ስንሻማና ፍሊፕ ቻርት ስናስጌጥ እንከርማለን። ገንዘብም እናወጣለን። ከመካከላችን የባጃጅ ሒሳቡን ለማርከር ሰውቶ ከሳቢያን እስከዚህ በእግሩ የተጓዘ አለ፤ በድሬ ፀሐይ ይህ ቀላል መሥዋዕትነት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል።

የዘንድሮው ሳምንት ሲያልቅ አምስት ሆነን የሠራነው ሠንጠረዥ፣ ራሳችንን ለማመስገን አይሁንብንና፣ የሚያምር ነበር። «የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት» ይላል። ሦስቱም ቤቶች በሦስት ቀለም ተሠርተው፣ ጣሪያ ተበጅቶላቸው፣ የመቶ ቤት እንዲያውም መስኮት ነበረው። በግምገማው ቅጽ ላይ «የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀም» በሚለው ረድፍ ጥሩ ነጥብ አሰጥቶናል። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚያ ነጥብ ነው፤ አይገባንም ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ ሦስተኛ ክፍል፣ ተማሪው ሰባ ያህል፣ ለአንድ ወንበር አራት አራት። ሠንጠረዡን ሰቀልን፣ በማስመሪያ ጠቆምን፣ ልጆቹም ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ ድረስ «የአንድ ቤት! የአሥር ቤት! የመቶ ቤት!» እያሉ በኅብረት ጮኹ። ተገምጋሚ ለሆነ ሰው ደስ የሚል ድምፅ ነው። ከዚያ «በሉ ሁለት መቶ አምስት ብላችሁ ጻፉ» አልን። በወንበሮቹ መካከል ስንዘዋወር ያየነው 2005 ነው። አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን ባልከፋ፤ ከክፍሉ ከግማሽ የሚበልጠው 2005 ብሎ ጽፏል። እሠንጠረዡ ሥር የተቀመጠችው ልጅ፣ ቀና ብትል መስኮት ያለው ቤት የሚታያት፣ እሷም 2005 ጽፋ እጇን አጣጥፋ እርማት ትጠብቃለች።

ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። «ሁለት መቶ» ሲባል 200 ጻፉ፣ «አምስት» ሲባል 5 ጨመሩ፤ የሰሙትን በተሰማበት ተራ አስቀመጡ። ይህ እኮ ሞኝነት አይደለም። በግዕዝ ቁጥር ይኸው 205 ፪፻፭ ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ሁለት፣ መቶ፣ አምስት፤ አፍ እንደተናገረው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ አያስፈልገውምም። ልጆቹ ያላወቁት ነገር ቢኖር በዚህኛው አጻጻፍ ባዶ ቦታም ምልክት እንደሚያሻው ነው። ያንን ደግሞ ባለመስኮቱ ቤታችን ሊነግራቸው አልቻለም፤ በእኛ ሠንጠረዥ ላይ ቤቶቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ።

በማግስቱ፣ ከመካከላችን አንዱ ከገጠር ቀበሌ የሚመላለስ ስለሆነ፣ የማሽላ አገዳ ተሸክሞ መጣ። የሐረርጌ ሰው አገዳ አይቸግረውም። በጣት ልክ ቆራረጥነው፤ አሥር አሥሩን በክር አሠርነው፤ አሥሩን እስር ደግሞ ባንድ ላይ አሥረን መቶ አደረግነው። ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ሦስት ትልልቅ ክብ ሠራን። አንድ ልጅ ጠርተን «205 አስቀምጥ» አልነው። ሁለቱን ትልልቅ እስሮች በአንደኛው ክብ፣ አምስቱን ነጠላ በሦስተኛው ክብ አኖረ። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ቆመ። መካከለኛውን ክብ አየው።

«ቲቸር፣ ይኼኛው ምንም የለውም።»

«ታዲያ ስንጽፍ ምን እናድርገው?»

ልጁ ሳይመልስ ከኋላ አንዷ «ባዶ ነዋ! ዜሮ!» አለች። ወዲያው ክፍሉ ተተራመሰ። እኛም ፈራን፤ ምክንያቱም ገምጋሚ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ የተተራመሱት ደብተራቸውን ለማረም ነበር። 205፣ 307፣ 410 አልን፤ አብዛኛው ጻፈው። 410 ላይ ነጠላው ክብ ባዶ ሲሆን አንዳንዱ እየሳቀ ነበር የጻፈው።

እንግዲህ የሁለቱን ቀን ነጥብ እናስተያይ። ሠንጠረዥ የሰቀልንበት ቀን ጥሩ አገኘን። አገዳ ወለል ላይ የበተንንበት ቀን «የክፍል አያያዝ ደካማ፣ ጫጫታ ይበዛል፣ መርጃ መሣሪያው ንጽሕና ይጎድለዋል» ተብሎ ነጥባችን ወረደ። የገመገሙንን ሰው አንወቅስም፤ ቅጹ የጠየቃቸውን ሞሉ፣ የቆዩትም ጥቂት ደቂቃ ነው። የምንለው ነገር፣ ቅጹ አንድ ጥያቄ ጎድሎታል ነው፦ መሣሪያውን የያዘው ማን ነበር?

በሠንጠረዡ ቀን የያዝነው እኛ ነን። የለፋነው፣ የጠቆምነው፣ የገባን (ገብቶን ከሆነ) እኛ ነን። ልጁ ተመልካች ነበር። በአገዳው ቀን ግን የልጁ እጅ ሠራ። በሥነ ልቡና ትምህርታችን ጀሮም ብሩነር በ1966 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠውን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል፤ ልጅ አንድን ነገር መጀመሪያ በእጁ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት ይይዘዋል። ሸምድደን በፈተና ጻፍነው፣ ማረሚያውን ተቀብለን፣ ለልምምድ ስንወጣ ከሥዕሉ ጀመርን።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጆርጅ ኩይዘኔር የተባለ ቤልጂጋዊ መምህር ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ባለቀለም እንጨቶች አዘጋጅቶ፣ ስለነርሱም በ1952 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እንጨቶቹን በዓለም ያስተዋወቀው እስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ ነው። ይኸው ጋቴኞ በ1957 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ኢትዮጵያ መጥቶ እንደነበርና የአማርኛን ፊደል በቀለም የማስተማር ዘዴውን እዚሁ እንደጀመረ ስናነብ በጣም ነው የገረመን። ምስማር የተመታበት ጣውላ ላይ ላስቲክ እየወጠሩ ማዕዘንና ስፋት የሚማሩበትን ሰሌዳም ያመጣው እሱ ነው። ለዚያ ሰሌዳ የሚያስፈልገው ቁራጭ ጣውላ፣ ሃያ አምስት ምስማርና የብር ማሰሪያ ላስቲክ ነው። ባለቀለሙን እንጨት ለመግዛት አቅም የለንም፤ አገዳ ግን 1 ሳንቲ ሜትርም 10 ሳንቲ ሜትርም ሆኖ ይቆረጣል።

ዙሪያችንን ብናይ ደግሞ ዕቃው ሞልቷል። ድሬዳዋ ሙቀቷ ለስላሳና ውኃ ስለሚያስጠጣ፣ ቆርኪና የሃይላንድ ክዳን በየግሮሰሪው በር በነጻ ይታፈሳል። በከዚራ ጥላ ሥር ጎልማሶች ዳማ የሚጫወቱት በምን ሆነና? የአንዱ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ነው፤ ጠጠር የገዛ የለም። ቀፊራ ገበያ የምትነግደው እናት ድንቹን በመደብ በመደብ ስታስቀምጥ ማባዛት እየሠራች ነው። ተስቢህ የሚቆጥር 33ን ሦስት ጊዜ ዞሮ 99 ይላል፤ በመቁጠሪያ የሚጸልይም 41ን በጣቱ ይዳስሳል። ትልቅ ሰው ሁሉ የሚጨበጥ ይዞ ይቆጥራል፤ ባዶ እጁን እንዲቆጥር የሚገደደው የሰባት ዓመት ልጅ ብቻ ነው። (መቁጠሪያና ተስቢህ ወደ ክፍል ይግባ አላልንም፤ ይህ እንዲታወቅልን።)

ለድሬ ልጆች ደግሞ የዕቃው ጥቅም ከሌላው ከተማ ይበልጣል ብለን እናምናለን። እዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ሆኖም በአማርኛ የሚማረው ልጅ ሁሉ ቤቱ አማርኛ አይናገርም። 25ን አማርኛ «ሃያ አምስት» ይለዋል። ኦሮምኛ «ዲግደሚ ሸን» ይላል፤ እሱም ሃያ ከዚያ አምስት ነው። ሶማሊኛ ግን «ሸን ኢዮ ለባተን» ነው የሚለው፤ አምስትና ሃያ። አምስቱ ይቀድማል። ቤቱ ሶማሊኛ የሆነ አንድ ልጅ ሃያ አምስት ሲባል 52 ጽፎ አይተን፣ ከመካከላችን አንዱ በቀይ ስክሪብቶ ሰርዞ «ቸኩለሃል» ብሎ ጽፎበታል። ልጁ አልቸኮለም፤ ቤቱ እንደሚቆጠረው ነው የቆጠረው። ያ ቀይ መስመር እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ሁለት እስርና አምስት ነጠላ አገዳ ፊቱ ቢቀመጥለት ኖሮ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራው፣ እስሩ እስር ነው፣ ነጠላውም ነጠላ ነው። በነገራችን ላይ አምስት በኦሮምኛም በሶማሊኛም «ሸን» ነው። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያስተዋሉት፤ ቆርኪ ሲቆጥሩ አምስት ላይ ሲደርሱ ባንድ ድምፅ «ሸን!» ብለው ተያይተው ሳቁ። እኛ ድሬ ተወልደን አድገን አስተውለነው አናውቅም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ከመካከላችን ሒሳብ ወድዶ ወደ መምህርነት የመጣ ስንት ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በተፈተኑትም ቢሆን ያው ድንጋጤ አልበረደም፤ እኛም ከዚያው ወንዝ የተቀዳን ነን። ብዙዎቻችን በሒሳብ ወረቀት ፊት እጃችን ያልበዋል። በእጁ ላብ የያዘ ሰው ደግሞ ለልጅ የሚያወርሰው ያንኑ ላብ ነው። ስለዚህ በጠጠር መጫወት ለልጆች ብቻ የሚያስፈልግ መስሎ የታየን በስሕተት ነው።

አንድ ማታ የሆነውን እንንገራችሁ። ስለ ገበጣ ነበር የጀመርነው። ገበጣን አያቶቻችን ያውቁታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት መሰሎቹ ረጅም ጥናት አውጥተዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍም አለ፤ ባለ ሦስቱ 18 ጉድጓድ ሆኖ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር ሲገባ 54 ይሆናል። እኛ ከእንቁላል ካርቶን ነው የሠራነው። ባለ 30ው ካርቶን ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት ገበጣ ይወጣዋል፣ ስድስት ጉድጓድ ይተርፋል (ይህም ራሱ ቀሪ ያለው ማካፈል ነው)። መነሻውን ሳይዘል እየዘራ የሚዞር ሰው፣ 15 ጠጠር በእጁ ቢኖር፣ ዘሩ የሚያልቀው ከመነሻው ሦስት ጉድጓድ አልፎ ነው። ይህን ሳይዘራ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ፣ ማንም ሳይነግረው 15ን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ይዟል።

ያን ማታ ጠጠሩ በእጃችን እንዳለ አንዱ ጓደኛችን በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባለውን ዘዴ አነሣ። ማጋመስና እጥፍ ማድረግ ብቻ የሚፈልግ ዘዴ ነው። በእጥፍ ማባዛት በጥንት ግብፅም፣ ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈው የአሕመስ ፓፒረስ ላይ ይገኛል። 13ን በ7 ለማባዛት በግራ 13 በቀኝ 7 ይጻፋል። ግራውን እያጋመሱ፣ የተረፈውን አንድ እየጣሉ፣ ቀኙን እጥፍ እያደረጉ መውረድ ነው፦

13 … 7
6 … 14
3 … 28
1 … 56

ግራው ጥንድ የሆነበት ረድፍ፣ ማለትም የ6ቱ፣ ይሰረዛል። የቀሩት ቀኞች ይደመራሉ፤ 7 እና 28 እና 56፣ 91። ትክክል ነው። «አቦ፣ አስማት ነው!» አለ አንዱ። ሌላዋ ግን አልተዋጠላትም። «ለምንድነው 14ን የምንጥለው? የማን 14 ነው?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን «ለምን» ተብለን ስንጠየቅ ዝም እንላለን።

ጠጠሩን ያነሣችው እሷው ናት። 13 ጠጠር ዘረጋች፤ እያንዳንዷ ጠጠር 7 ቆርኪ የያዘች ከረጢት ናት አለች። ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረቻቸው፤ ስድስት ጥንድ ሆነ፣ አንድ ጠጠር ተረፈች። የተረፈችው 7 ቆርኪ ናት፤ ወደ ጎን አስቀመጠቻት። አሁን እያንዳንዱ ጥንድ 14 ይዟል። ስድስቱን ጥንድ እንደገና አጣመረች፤ ሦስት ሆነ፣ ምንም አልተረፈም። ስለዚህ ወደ ጎን የሚቀመጥ 14 የለም! ሦስቱ ክምር እያንዳንዱ 28 ነው፤ ስታጣምር አንድ ክምር ተረፈ፣ 28 ወደ ጎን። የቀረው አንዱ ትልቅ ክምር 56። ጎን የተቀመጠውን ሰበሰበች፤ 7፣ 28፣ 56።

የዚያን ማታ ዝምታው የተለየ ነበር። የሚሰረዘው ረድፍ የሚሰረዘው የተረፈ ነገር ስለሌለው መሆኑን ሁላችንም በዓይናችን አየን። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን እንዳንጠቅስ ለምኖናል፣ በሒሳብ «ለምን» የሚለው ጥያቄ መልስ እንዳለው ያወቅሁት ዛሬ ነው ብሎ ነግሮናል። ይህ ሰው በመጪው ዓመት አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። ጠጠሩን ባይነካ ኖሮ «ጥንዱን ሰርዙ» ብሎ ያስተምር ነበር፤ ልጆቹም ይሸመድዱለት ነበር።

ጨዋታ ሁሉ ይሠራል እያልን እንዳልሆነ ደግሞ ግልጽ ይሁን። የከሸፈብንም አለ። ለመቁጠሪያ ብለን ሽምብራ ቆሎ አመጣን፤ ለየልጁ ሃያ ሃያ አደልን፤ ሰብስቡ ስንል የተመለሰው ግማሹ ነው። መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ስንጠይቅ ቁርስ ሳይበላ የመጣው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚበላ ነገር ለመቁጠሪያ አናመጣም፤ ካመጣንም መጀመሪያ ይበላል ከዚያ ይቆጠራል። ቆርኪውም ጠርዙ ጣት ይቆርጣል፤ በድንጋይ ካልተደቆሰ ለአንደኛ ክፍል አይሰጥም። ጠጠር ከደቻቱ አሸዋ መልቀም ይቻላል፤ በክረምት ግን ልጆችን ወደዚያ መላክ አይገባም፤ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ድሬ አትረሳውም።

ከሁሉ የከፋው ግን የውድድሩ ጨዋታ ነው። ቁጥር የተጻፈባቸውን ክዳኖች በትነን «10 የሚሆኑ ጥንዶችን ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል» አልን። ሦስት ልጆች ሁሉንም ለቃቀሙት። የቀሩት ስልሳ ምናምን አጨበጨቡ። ደስታና ጩኸት ሞልቶ ነበር፤ ሒሳብ የሠሩት ግን ሦስቱ ናቸው፣ እነሱም ከመጀመሪያውኑ የሚያውቁት። ስለዚህ ጩኸት ሁሉ ትምህርት ነው አንልም፤ ገምጋሚዎቻችን በዚህ እውነት አላቸው። በምትኩ ያገኘነው የ«ደበቃ» ጨዋታ ነው። ሁለት ልጅ፣ አሥር ቆርኪ፣ አንድ ኩባያ። አንዱ ዓይኑን ሲጨፍን ሌላው የፈለገውን ያህል ከኩባያው ሥር ይደብቃል፤ ዓይኑን የገለጠው የቀሩትን አይቶ የተደበቀውን ይናገራል። ኩባያው ሲነሣ ማን እንደተሳሳተ ቆርኪው ራሱ ይመሰክራል፤ መምህር አያስፈልግም። በሰባ ልጅ ክፍል 35 ጥንድ ባንድ ጊዜ ይጫወታል። የሚሰማው ድምፅ ጫጫታ ሳይሆን ማጉረምረም ነው፤ የገበያ ድምፅ ይመስላል።

«ጊዜ ይበላል፣ ፖርሽን አያልቅም» ለሚሉን መምህራን፦ እውነት ነው። መጀመሪያ ቀን ከ40 ደቂቃው ቆርኪ ማደልና መሰብሰብ ብቻ ሃያውን ወስዶብናል። በኋላ አሥር አሥሩን በትንንሽ ፌስታል ቋጥረን፣ ለየወንበሩ አንድ ኃላፊ ልጅ ሾመን፣ አምስት ደቂቃ ይበቃን ጀመር። ደግሞም ቆርኪው ለዘላለም አይደለም። 10 እንዴት እንደሚከፈል ካወቀ በኋላም በቆርኪ ብቻ የሚቆጥር ልጅ ካለ ቆርኪው ዕዳ ሆኖበታል ማለት ነው። መቼ እንደሚሰበሰብ ማወቅም ሞያ ነው፤ ይህን እኛ ገና አላወቅነውም፣ ከናንተ ነው የምንጠብቀው።

«ልጄን ለጨዋታ ነው እንዴ የላክሁት?» ላሉን አንዲት እናት መልስ አላገኘንላቸውም ነበር። ልጃቸው ግን ወዲያው፣ እዚያው በር ላይ፣ እናቱ የያዙትን ሎሚ በአምስት በአምስት መድቦ ቆጠረላቸው። እናትየው ምንም አላሉም፣ ሎሚውን መልሰው በፌስታል ከተው ሄዱ። አመኑ አላመኑ አናውቅም።

የመጨረሻው ነገር የቁም ሳጥኑ ጉዳይ ነው። ለልምምድ በሄድንበት ግቢ ፔዳጎጂካል ማዕከል የሚባል ክፍል አለ። ውስጡ አባከስ አለ፣ ከእንጨት የተሠራ ክፍልፋይ አለ፣ ሚዛንም አለ። ቀደም ባሉት መምህራን ትጋት የተሠሩ ናቸው። ቁልፉ ግን የሚወጣው ጎብኚ ሲመጣ ነው፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ልጆች ይሰብሩታል» ነው። ይሰብሩታል፤ እናምናለን። የቆርኪ ትልቁ በጎነቱ ታዲያ ይኼው አይደለም? ማንም አይቆልፍበትም። ቢጠፋ ሌላ አለ። አንድ ዕቃ ከልጅ እጅ የሚርቀው ውድ ሲሆን ነው፤ የእኛም ሠንጠረዥ፣ የባጃጅ ሒሳባችን ስለሆነ፣ ልጆቹ ሲጠጉት «አትንኩ!» ብለናል። ብለናል፤ አንክድም።

ስለዚህ መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሒሳብ ማስተማሪያ ሥነ ዘዴ ክፍለ ጊዜ ስለ መርጃ መሣሪያ ከምንጽፍ ቁጭ ብለን እንጫወት፤ እኛ ያልነካነውን ለልጅ አንሰጥም። ሁለተኛም በግምገማው ቅጽ ላይ ያቺ አንዲት ጥያቄ ትጨመር፤ መሣሪያውን የያዘው ማን ነበር? ነጥባችን ቢወርድም እንኳ በርሷ ይውረድ።

ካርቶን ከዚህ ግድግዳ ጋዜጣ ሥር አስቀምጠናል። ለሰባ ልጅ ለእያንዳንዱ አሥር ቆርኪ እንዲደርስ 700 ያስፈልጋል፤ እስከ ትናንት ማታ 412 ቆጥረናል። የሃይላንድ ክዳንም እንቀበላለን። ጠርዙ የሚቆርጠውን እባካችሁ በድንጋይ ደቁሳችሁ ጣሉት።